የደራሲው የአንድ ቃል መልስ

ደራሲ ይታገሱ በዕድሜው ያለ ተመልካች ያደረገው ነገር ቢኖር መሞቱ ብቻ ነው። ኢንስፔክተር እፀገነት ከቡሬ ተጠርታ ፍኖተ ሰላም ስትደርስ የሰፈሩ ሰው በሹክሹክታ የሚለው ይህንኑ ነበር። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ድንኳኑ ሥር የተቀመጠው ለቀስተኛ ግን ከእንባው ሐሜቱ ይበልጥ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ያህል ቀርቶታል። እፀገነት ሃምሳውን የተሻገረች፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ ሴት ናት። ልቦለድ አትወድም። ሐሰተኛ ምስክር በየቀኑ በነፃ እየሰማች፣ ሌላ ውሸት ከፍላ ማንበብ አይዋጥላትም።

ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ከጓሮ ወዳለችው ጠባብ የጽሕፈት ክፍል መራት።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ትናንት አመሻሹ ላይ አየለች የምትባል የማንኩሳ ሴት ከደጁ ቆማ ‹እሳት ይብላህ› ስትለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሌሊቱን በከሰል ጢስ ታፍኖ ሞተ። መስኮቱ ከውጭ ታስሮ ነበር፤ አየር ይግባ ብዬ እኔው በጠስሁት። ሴትዮዋን ይዘናታል። ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«በምን ነበር የታሰረው?»

«በክር ነገር።»

«‹ክር ነገር› የሚባል ክር አላውቅም» አለችና ከመስኮቱ ሥር ጎንበስ ብላ አነሣችው። ጫፉ ቆርቆሮ የለበሰ ቀጭን የፋይል ማሰሪያ ነበር። «ማንኩሳ ላም የሚያስሩት በዚህ ነው?»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አስተካከለ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የከሰል ምድጃ አሉ። በከሰሉ አመድ ላይ የወረቀት አመድ አርፏል። ጠረጴዛው ላይ የአረቄ ጠርሙስ ከአንድ መለኪያ ጋር ተቀምጧል። እፀገነት መለኪያውን አሽትታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ከዚያ የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ሀብትነሽን አስጠራች። ሀብትነሽ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ቡሬ አድራ መርዶው የደረሳት እዚያው ነበር።

«ባለቤትዎ ብቻውን ይጠጣ ነበር?»

«ይታገሱ?» አለች ሀብትነሽ። «ሰሚ ከሌለ ውኃም አይጠጣ። አንድ ጉንጭ ከጠጣ አንድ ጨዋታ ማውራት አለበት።»

«የአንባቢዎቹን ደብዳቤ ያቃጥላል ይባላል።»

«ሆቴል ተቀምጦ እንዲያ ይላል። እስቲ ፍራሹን ያንሡት።»

ከፍራሹ ሥር ደብዳቤዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ በእጅ ተጭኖ፣ መጨማደዱ ወጥቶለት። ቅር የተሰኘ ቄስ፣ የተናደደች ነርስ፣ ስሜ ተነካ ያለ የእድር ዳኛ። በእነሱ መሃል የአየለችም ደብዳቤ አለ።

«ቀን ይሥቅባቸዋል፣ ሌሊት እያወጣ ይደግማቸዋል» አለች ሀብትነሽ። «የእሷ ከመጣ ወዲህ ግን ሣቁም ቀርቶ ነበር። ለልቦለዱ ሁለተኛ እትም መግቢያ ይጽፍ ነበር። ‹ጥፋቴን ከነምንጩ እጽፈዋለሁ› አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አሁን የለም።»

ፍኖተ ሰላምን ያሣቀው የይታገሱ ብልሃት የታወቀ ነው። የተከፋ አንባቢ ስድስት ገጽ አልቅሶ ቢጽፍለት፣ ደራሲው በቁራጭ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም አንዲት ቃል ጽፎ ይልክለታል፦ «ይታገሱ»። ሰሙ ፊርማው ነው። ወርቁ «ቻሉት፤ ምን ታመጣላችሁ!» ነው። በራሱ ስም መልስ ሰጥቶ መገላገሉን እንደ ትልቅ ቅኔ ቆጥሮት፣ ማታ ማታ ሆቴል ይተርከዋል፤ ጠጪውም ይሥቅለታል። ሰው ቆስሎ በጻፈው የሚያሥቅ ደራሲና በዚያ የሚሥቅ ሰው ማንኛቸው እንደሚብስ እፀገነት ልትወስን አልቻለችም።

ደብዳቤዎቹን ለጠጪው የሚያነበው አቶ ትዕዛዙ ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባላገሩ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ሽማግሌ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ አገኘችው።

«ክብርት ኢንስፔክተር፣ ወንድሜን ነው ያጣሁት» አላት ጋቢውን እየሰበሰበ።

«ይህች ሴት ለምን ትገድለዋለች?»

«መጽሐፉ ትዳሯን አፈረሰባት። የመጀመሪያ ልጇ የባሏ አለመሆኗን፣ ድሮ ተቀጥራ ከኖረችበት ቤት ጌታ መውለዷን ጻፈው። ስሟን ‹አየሁሽ› አለው እንጅ ማን ይሳሳተዋል? ባሏ አባረራት፤ ልጅቱን ተማሪ ቤት ‹የልቦለዷ ልጅ› እያሉ አስወጧት። ደብዳቤዋን እኔው ነኝ የጻፍሁላት። ትናንት ማታ ደብዳቤዋን ሲያቃጥልባት በመስኮት አይታ ይሆናል፤ አመዱን አይተውታል።»

«አይቸዋለሁ። እርስዎ ትናንት ማታ የት አመሹ?»

«ቤቴ። ወገቤን አሞኝ።»

ሦስተኛ ያነጋገረችው ሰው መምህር ቢሆነኝ ነበር፤ ወጣት የአማርኛ አስተማሪ ነው። ስለ መጽሐፉ በደቃቅ ጽሕፈት የጻፈውን ሂስ ትዕዛዙ ያለ መነጽር እንደ ክስ ቻርጅ እያነበበ፣ ይታገሱ እየተቀኘበት ሆቴሉን ሙሉ አሥቀውበታል። ኪሱ ውስጥ ደግሞ የፋይል ማሰሪያ ተገኘ።

«የፈተና ወረቀት የማስርበት ነው» አለ፣ ላቡ እየወረደ። «አልዋሽም፤ ትናንት ማታ ልሰድበው መጥቸ ነበር። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነው። ግን ከበሩ ስደርስ ለሰው ሲያነብ ሰማሁና ተመለስሁ።»

«ምን እያለ ያነብ ነበር?»

«‹በደልኋት› ሲል ሰማሁ። አዲስ ልቦለድ መሰለኝ። በራሱ አፍ በደልሁ የሚል ሰው አልነበረም።»

እፀገነት በመጨረሻ ወደ ጣቢያው ሄደች። አየለች ከጥግ ተቀምጣለች። ጎረቤት ጥላት የመጣችውን ልጇን ማን እራት እንደሚሰጣት ካልሆነ በቀር ምንም አልጠየቀችም።

«ተሳድበሻል?»

«ተሳድቤያለሁ። መግደል ግን... እንኳን ሰው ዶሮም ባሌ ነበር የሚያርደው።»

«ትናንት ለምን መጣሽ?»

«መልስ ልኮብኝ ነዋ። ጋሽ ትዕዛዙ ገበያ ላይ ሰጠኝ። ‹ይታገሱ› ይላል አለኝ። ‹ሂጅና ከደጁ ጩሂበት፣ ሰው ይስማልሽ፤ ወረቀቱን ግን ለማንም እንዳታሳይ፣ ይሥቁብሻል› አለኝ።»

«የት አለ?»

አየለች የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታች። ወንዶቹ ፖሊሶች የሴት መቀነት መፈተሽ አፍረው ስለነበር እስካሁን ያየው የለም። እፀገነት ቀይዋን ቃል አነበበች፤ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላም ደገመቻት።

«ይህንን ለጥቂት ሰዓት አውሽኝ» አለቻትና ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። «ይዘሃት ና። ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ድንኳኑ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሀብትነሽ፣ ትዕዛዙና ቢሆነኝ ከፊት ተቀመጡ። አየለች በሁለት ፖሊሶች መሃል ገብታ ስትቆም ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን አዞረባት። እፀገነት እስኪረጋጉ አልጠበቀችም።

«ይታገሱ ያለ ተመልካች ሞተ ትላላችሁ» አለች። «ሐሰት ነው። ተመልካች ነበረው። ሰሚ ከሌለ የማይጠጣ ሰው አረቄ ጠጥቷል፤ መለኪያው ግን አንድ ብቻ ነው። እንግዳው የራሱን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ቢሆነኝም ሲያነብለት ሰምቷል። ‹እሳት ይብላህ› ያለችውን ሴት አስቀምጦ አረቄ አይቀዳላትም።»

«እሱ ግምት ነው» አለ ትዕዛዙ በርጋታ።

«ቆዩኝማ። እንግዳው ጠጥቶ እስኪተኛለት ጠበቀ። የተነበበለትን ጽሑፍ ምድጃው ላይ አቃጠለ፤ ከሰሉን እፍ ብሎ አቀጣጠለ። በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን ከውጭ በፋይል ማሰሪያ አሰረ። አመዱን ያየ ሰው ‹ደራሲው የአንባቢ ደብዳቤ ሲያቃጥል ነው› እንዲል ነው። ይህን የሚያስብ፣ ይታገሱ ሆቴል የሚነዛውን ጉራ ያመነ ሰው ብቻ ነው። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ከፍራሹ ሥር ናቸው። የአየለችም እዚያው ነው። ጋሽ ትዕዛዙ፣ ‹ሲያቃጥልባት አይታ› ያሉኝ ደብዳቤ ይኸው።»

ለቀስተኛው ተንሾካሾከ። ትዕዛዙ ሣቅ አለ።

«ያቃጥላል ሲሉ ሰምቸ ነው። ማሰሪያ እንደሆነ የእኔ ብቻ አይደለም። ይኸው ከመምህሩም ኪስ ተገኝቷል አሉ።»

«ልክ ነዎት። ማሰሪያው ሁለታችሁን አይለይም። ይህ ግን ይለያል።» ቁራጯን ወረቀት አቀበለችው። «ለአየለች ያነበቡላትን ለእኛም ያንብቡልን።»

ትዕዛዙ ወረቀቷን አርቆ ያዛት። «ይታገሱ» አለ።

«ቢሆነኝ፣ አንተ አንብባት።»

መምህሩ ተቀብሎ አያት። «ይታገሱኝ» አለ፤ ከዚያም ራሱን ለማመን ያህል ደገመው። «‹ኝ› አለበት። ይታገሱኝ ነው የሚለው።»

ለቀስተኛው አንገቱን አሰገገ።

«ዓይኔ ደክሟል» አለ ትዕዛዙ።

«የቢሆነኝን ደቃቅ ጽሕፈት ሆቴል ሙሉ ሰው ፊት ያለ መነጽር ያነበበ ዓይን፣ ይህን የምታህል ቀይ ‹ኝ› አመለጠችው? ይሁን። ‹ለማንም እንዳታሳይ› ያላትም ዓይንዎ ነው? ወረቀቷን እንዳያስቀሩባት፣ ቀዩን ቀለም ካላየች አታምንም። ‹ይታገሱኝ› ተብላ ከሄደች ደግሞ ልትሰድበው አትመጣም። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ከደጁ የምትጮህ ሴት ነበረች፤ አንዲት ፊደል ቀንሰው አገኟት።»

«ወዳጄን ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

እፀገነት ወደ አየለች ዞረች። «ያንን ገመናሽን ለማን ነግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ለእግዜርና ለጋሽ ትዕዛዙ» አለች አየለች። «ድሮ ለልጄ ቀለብ ማመልከቻ ሊጽፍልኝ። ከዚያ ፈርቸ ተውሁት።»

«እግዜር ሆቴል አምሽቶ አያወራም» አለች እፀገነት። «ይታገሱ ጥፋቱን ከነምንጩ ሊጽፈው ነበር። ትናንት ማታ ያነበበልዎት ያንን ነው። ምስኪን፣ ሰሚ ያገኘ መስሎት።»

ትዕዛዙ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ያ ሰፊ ድምፁ ግን ጠቦ ወጣ።

«የዚህን አገር ገመና ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው የኖርሁ። ማን ከማን እንደወለደ፣ ማን የማንን መሬት እንደገፋ። አንዷን ማውጣቴ ከታወቀ ማን ያምነኛል? ማንስ ይምረኛል? ለጨዋታ ነበር የነገርሁት። ጻፍ አላልሁትም። ምንጩን ተው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ይታገሱ›።»

የሚሥቅለት አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ቢያዝን እጁን ይዞ አስነሣውና በለቀስተኛው መሃል ወሰደው። ጠዋት አየለችን የያዘበት ጥድፊያ ግን አሁን አልነበረውም።

ድንኳኑ ቀስ በቀስ ተንጫጫ። አሁን ደግሞ ሁሉም ትዕዛዙን ድሮውንም ጠርጥሮት እንደነበር ለጎረቤቱ ይናገር ጀመር። እፀገነት በንቀት አልፋቸው ከበሩ ላይ አየለችን አገኘቻት። ልጅቱ መጥታ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛለች።

«ወረቀቴን» አለች አየለች።

እፀገነት ሰጠቻት።

«የቀነሰብኝ ፊደል የትኛዋ ናት?»

«ይችውልሽ፤ መጨረሻዋ።»

አየለች ፊደሏን በጣቷ ነካቻት። «አንቱ ብሎኛል ማለት ነው?»

«ብሎሻል። እንድትታገሽው ለምኖሻል። ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነበር።»

«ከዚህ ማንኩሳ ምን ያህል ነው? መጥቶ በአፉ ቢለኝ ማን ይቀንስበት ነበር?» ወረቀቷን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ቋጠረቻት። «ፊደል እንደማልቆጥር እኮ ያውቃል፤ መጽሐፉ ላይ ጽፎታል አሉ። ታዲያ ይህንን ለማን ነው የጻፈው?»

አየለች የልጇን እጅ ይዛ የማንኩሳው ሚኒባስ ወደሚቆምበት ወረደች።