ልብስ ሰፊውና ሠዓሊ ወንድሙ

ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱና ሰፈሩ ሁሉ «ፍልቅልቅ» እያለ የሚጠራት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በሁለት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው ማደሪያ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከልጅቷ ሳቅ ጋር ሲፎካከር ይውላል። በዚያ ቤት የተከለከለ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሥዕል! ለምን ቢሉ፣ ልብስ ሰፊው ወላጆቻቸው ሲሞቱ ከመርፌ ጋር ታግሎ ያሳደገው አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። ያ ወንድም ስፌቱን ትቶ ብሩሽ ሲያነሳ፣ ታላቁ «ሥዕል ራት አይሆንም!» ብሎ ሥራዎቹን ቀዳደደና ከቤት አባረረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ከተማ እየኖሩ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

አንድ ሰኞ ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ማክሰኞ ትኩሳቱ ባሰባት። ሐሙስ ጠዋት... ያ ሳቅ ላይመለስ ጠፋ! ወይ ጉድ! አባት ልጁን ይቀብራል እንጂ ሐዘኑን የት ይቀብረዋል? ልብስ ሰፊው አላለቀሰም። መቀሱን እንደያዘ ፈዞ ይቀራል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አቃተው። ደንበኞቹ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን አንድ በአንድ እየወሰዱ ሄዱ። እንቅልፍ ከዓይኑ፣ ቃል ከአንደበቱ ራቀ። ሐኪሙም መርምሮ፣ «አካሉ ጤነኛ ነው። ሐዘኑ መውጫ አጥቶ ነው። እጁን የሚያሠራ ነገር ፈልጊለት» አላት ለሚስቲቱ።

ሚስትየው ደግሞ ሁለት ዓመት በሆዷ የያዘችው ምስጢር ነበራት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባሏን ክንዱን ይዛ፣ «ተነስ። ልጅህን የሚያውቃት ሰው ላሳይህ» አለችው።

ከማተሚያ ቤት በላይ ወዳለች ጠባብ ክፍል ወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሕፃናት፣ ከሰዓት አዋቂዎች ሥዕል የሚማሩባት ክፍል ነበረች። በሩን የከፈተው... ወንድሙ ነበር! ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል። ልብስ ሰፊው ፊቱን አዙሮ ደረጃውን ሊወርድ ሲል፣

«ወንድም ጋሼ!» አለው የክፍሏ መምህር የሆነው ወንድሙ። «እኔን ጥላኝ፣ ግድ የለም። እሷ የሠራችውን ሳታይ ግን አትሂድ።»

እናት ልጇን በየቅዳሜው ደብቃ ታመጣት ነበር። መምህሩ ከመሳቢያ አንድ ክምር ወረቀት አወጣ። ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ሜትር በአንገቱ ያጠለቀ፣ ስፒል በከንፈሩ የያዘ፣ መኪናው ላይ ያጎነበሰ ሰው። በአንደኛው ግርጌ በተንጋደደ ፊደል፣ «አባዬ ሲስቅ። አባዬ እንዳያይ» ተብሎ ተጽፏል።

«እኔን... እኔኑ እየሣለች ከእኔ ደበቀች?» አለና ወረቀቱን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከቀብሩ ወዲህ ያልወጣው እንባ ያን ቀን ወረደ።

ወንድሙ አብሮት መሬት ላይ ተቀምጦ እርሳስ አስያዘው።

«አልችልም።»

«ዕድሜህን በሙሉ በጠመኔ ጨርቅ ላይ ስትሥል የኖርክ ሰው!»

«ያ ልኬት ነው።»

«ይሄም ልኬት ነው። ዛሬ የምትለካው ግን የናፈቀህን ነው።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሠራው የልጁን ቀሚስ ብቻ ነበር፤ ፊቷን መንካት ፈራ። በየሳምንቱ ግን መጣ። አጠገቡ ጡረታ የወጡ ሾፌር ይቀመጣሉ፤ የሠሯት ድመት ጎማ መሰለች ተብሎ ሲሳቅባቸው፣ «ታዲያ ከሾፌር እጅ ምን እንዲወጣ ፈለጋችሁ?» ሲሉ እሱም ሳያስበው ሳቀ። መምህሩ፣ «ሥዕል የሄደን አይመልስም። ሆድ ሆድህን የሚበላህን አውጥቶ ፊትህ ያስቀምጠዋል እንጂ። ያየኸውን ነገር ያላየኸውን ያህል አትፈራውም» ይል ነበር። እውነትም እንቅልፍ መጣ፤ ክሩም መርፌው ውስጥ ገባለት፤ የስፌት መኪናውም ድምፅ ዳግም ተሰማ። በአምስተኛው ወር የልጁን ፊት ከነጎደሎ ጥርሷ ሣለ። ሚስቱም ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

ዕጣ ፈንታ ግን በቃህ ብላ የምትተወው ሰው አለ? መምህሩ የልብ ሕመሙን ለማንም ሳይናገር ኖሮ ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ሕፃናቱን ሲያስተምር ተዝለፍልፎ ወደቀ። ልብስ ሰፊው ሆስፒታል ደርሶ የወንድሙን የቀጠነ እጅ ያዘ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድምዓለም! በገዛ እጄ ከቤት ያባረርኩህ እኔ...»

«የልጅህን እጅ ይዤ የመጀመሪያዋን መስመር ያሠመርኩ ቀን ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ምነው አልመጣህ?»

«ፈርቼህ ነዋ!» አለና ፈገግ አለ። «ዛሬም ትንሽ እፈራሃለሁ...» ትንፋሹን ሰብስቦ ጨመረ፤ «ልጆቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። በሩ ተዘግቶ እንዳያገኙት።»

ዓርብ አረፈ።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ዓይኑ እንዳበጠ ያችን ክፍል ከፈተ። ሕፃናቱ ገብተው በየቦታቸው ተቀመጡ። አንዷ ትንሽ ልጅ፣ «መምህራችን የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችው። ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ቃል እምቢ አለው። ልጅቷ ተነስታ የራሷን እርሳስ በእጁ አስያዘችውና፣ «መናገር ሲያቅተን እሳቸው እንደዚህ ነው የሚያደርጉን» አለችው።

አሥራ አንድ ዓመት ለኩርፊያ፣ ጥቂት ወራት ለፍቅር! ወይ የሰው ልጅ! ነገ እታረቃለሁ እያልን የምናሳድረው ወንድም፣ ነገ ስለመኖሩ ማን ዋስ ሆኖልን ይሆን?