የሰሌዳው ቀኝ ጎን

የስልኩ ድምፅ ተዘግቷል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በክር ጥቅሎች ተደግፎ ቆሟል። ስክሪኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መምህር አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ። ሚጣ አታያቸውም። የሰማያዊ ሸሚዝ አራተኛ ቁልፍ እየተከለች ነው።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«አሥራ አንድ።»

«ደንበኛዬ ትደውላለች። ቶሎ ጨርሺ።»

«የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ለጥገና ከተነሳ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ተማሪው ሁሉ ቤቱ ሆኖ በስልክ ይማራል። መምህራኑ ትምህርታቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ይልካሉ። ቪዲዮው እስከ መጨረሻ ሲጫወት ከተማሪው ስም ጎን አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። ምልክቶቹ ተደምረው አሥር ማርክ አላቸው። ማሽኑ ግን ቪዲዮው መጫወቱን እንጂ የሚያየው ዓይን መኖሩን አያውቅም።

ይህን መጀመሪያ የደረሰችበት ሽቦ ናት። ሽቦ የሚጣ ጓደኛ ናት፤ ስሙ የወጣላት በቅጥነቷ ነው። «ድምፁን ዘግተሽ ትለቂዋለሽ፤ ከዚያ ሕይወትሽን ትኖሪያለሽ» አለች ለሚጣ በሁለተኛው ቀን። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። የቤት ሥራውን የሽቦ ታላቅ ወንድም ይሠራዋል፤ መልሱ በክፍሉ ግሩፕ ይለቀቃል። አርባ አንድ ተማሪ፣ አርባ አንድ ምልክት።

የሒሳብ መምህሩን ተማሪው «ቲቸር እስቲ» ይላቸዋል። እስቲ ደብተር አውጡ፤ እስቲ ዝም በሉ፤ እስቲ ይህ ስንት ይሆናል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው።

እናቷ ክር በጥርሷ ልትበጥስ ቀና ስትል ዓይኗ ስልኩ ላይ አረፈ። ክሩ አፏ ውስጥ እንዳለ ቆየች።

«እኚህ ሰውዬ የት ላይ ነው የሚጽፉት?»

«ሰሌዳ ላይ ነዋ።»

«እጃቸው ይሄዳል፤ ጽሑፉ ግን የለም። ነይ እዪ። እዚህ ጋ ተቆርጧል» አለች የስክሪኑን ጠርዝ በጣቷ እየነካች።

እናቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም። ሒሳብ አታውቅም፤ የተቆረጠ ነገር ግን ታውቃለች። ሃያ ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች።

ሚጣ ሸሚዙን አስቀምጣ ተጠጋች። እውነት ነው። መምህሩ የሚቀርጹበት ስልክ በቁመቱ ስለቆመ የሚታየው የሰሌዳው ግራ ጎን ብቻ ነው። መምህሩ ጥያቄውን ይጽፉና ወደ ቀኝ ይራመዳሉ፤ ከዚያ የሚቀረው አንድ ትከሻ ነው። መልሱ ያለው ማንም በማያየው ቦታ ነው።

«ዛሬ ነው እንዲህ የሆነው?»

ሚጣ ምን ትበል? አታውቅም።

«አንቺን እኮ ነው። በየቀኑ ታዪ የለም እንዴ?»

ሚጣ ወደ ኋላ ሄዳ የትናንቱን ከፈተች። ተቆርጧል። ያለፈውን ሳምንት ከፈተች። የመጀመሪያውን ቀን ከፈተች። ሁሉም አንድ ነው።

«አምስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ሰው እንኳ አልነገራቸውም?» አለች እናቷ። ከዚያ ሚጣን አየቻት። መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

እናቷ ብትቆጣት ለሚጣ ይሻላት ነበር።

ደንበኛዋ ደውላ ከጨረሰች በኋላ ሚጣ ስልኩን ወስዳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቀን ቪዲዮ ድምፁን ከፍታ አስጀመረች።

የመምህሩ ድምፅ ሻካራ ነው። ከጀርባ የአናጺዎች መዶሻ ይሰማል። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን አልሄዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እስቲ፣ ትምህርቱ አልቋል፤ መሄድ የፈለገ ይሂድ» አሉ። «በቀረችው ደቂቃ የቆየ ጥያቄ እመልስባታለሁ። ከኋላ ወንበር ያለኸው ረጅሙ ልጅ፣ ያኔ ደወል ሲደወል የጠየቅኸኝን አልረሳሁም።»

ሚጣ ሁለተኛውን ከፈተች፤ ሦስተኛውን ከፈተች። በየመጨረሻው አንድ ልጅ አለ። ስም አይጠሩም፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ወይም ራሳቸው ያወጡለትን ስም ይጠራሉ። አርባ አንዱንም ተራ በተራ የሚያዳርሱ ይመስላሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቪዲዮ እንዲህ አሉ፦

«እስቲ ዛሬ ወይዘሪት ለምንን ላናግር።»

ሚጣ ፊቷ ቀላ። ወይዘሪት ለምን እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ለምን ማለት ስለማትተው እሳቸው ናቸው ያሏት።

«ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል ብለሽኝ ነበር። ሕጉ ነው፣ ያዢው አልኩሽ። ክፍሉ ሳቀብሽ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ አፈርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ሕጉ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን አስቤበታለሁ። እዪ።»

ተነሥተው ጻፉ። ሦስት ሲባዛ በኔጋቲቭ ሁለት። ሁለት ሲባዛ በኔጋቲቭ ሁለት። አንድ። ዜሮ። ከዚያ ኔጋቲቭ አንድ ሲባዛ በኔጋቲቭ ሁለት። በየመስመሩ የእኩል ምልክቱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«መልሶቹን ከላይ ወደ ታች ተመልከቻቸው። ምን እያደረጉ ይወርዳሉ? እኔ አልነግርሽም፤ አይተሽዋል።»

አላየችውም። ሚጣ ከእናቷ የንድፍ ወረቀት ቁራጭ አነሣች፤ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መልሶቹን ራሷ ጻፈች። ኔጋቲቭ ስድስት። ኔጋቲቭ አራት። ኔጋቲቭ ሁለት። ዜሮ። እጇ ቆመ። በየደረጃው ሁለት ሁለት ይጨምራል። ታዲያ ከዜሮ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ሁለት። ፖዘቲቭ ሁለት። ሌላ መሄጃ የለውም።

ብቻዋን ሳቀች። ግማሽ ሰሌዳ ሆኖ እንኳ አስተማራት።

በስክሪኑ ውስጥ መምህሩ ጠመኔውን ከእጃቸው እያራገፉ ነው። «አርባ አንዳችሁም እስከ መጨረሻ እንደምታዩ ማሽኑ ይነግረኛል። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ሰምታችሁኝ አታውቁም። ባለቤቴ ከግድግዳ ጋር ነው የምታወራው ትለኛለች፤ አርባ አንድ ምልክት አሳየኋት። አመሰግናለሁ ልጆቼ።»

ሚጣ ቪዲዮውን አቆመች። ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ሽቦ የተጠገነ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ሚጣ ወደ ጓሮ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ጣሪያው ያልተነሣው የቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው፤ እዚያ ነው የሚቀርጹት።»

«ሙድ ይዘሽብኝ ነው?» አለች ሽቦ። «አምስት ሳምንት ሙሉ አላየንም ልትያቸው ነው? አሥር ማርክ እኮ ነው። የአንቺ ብቻ ቢሆን ጥሩ።»

«የራሴን ብቻ ነው የምናገረው።»

«ሒሳብ አስተማሪ ናቸው እኮ። አንቺ አንዷን ስትነግሪያቸው አርባውን ራሳቸው ይደርሱበታል።»

ሽቦ ልክ ናት።

«እሺ፣ ንገሪያቸው» አለች ሽቦ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከትናንት ጀምሮ ነው በያቸው። ስልኩ ትናንት ያዘነበለ ይመስላቸዋል፤ ያስተካክሉታል፤ ማንም አይጎዳም። ፋራ አትሁኚ።»

ብልህ ናት ሽቦ። ሚጣ ማታ እራት ስትበላም ስትተኛም ይኸው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ከትናንት ጀምሮ። አጭር ቃል ነው፤ አይከብድም።

ጠዋት ስትወጣ ሽቦ የሰፈሩ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እስከ በሩ ነው የምሸኝሽ» አለች። «ሐሳብሽን ከቀየርሽ ብዬ ነው።»

መንገዱን ብዙ አላወሩም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አሸዋና ጡብ ተከምሯል። ሽቦ ጡቡ ላይ ተቀመጠች። ሚጣ ብቻዋን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች።

ቲቸር እስቲ ወንበር ላይ መጻሕፍት ደራርበዋል፤ መጻሕፍቱ ላይ የጠመኔ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ስልኩ በቁመቱ ተሰክቷል። ቆርቆሮው ስልኩን የሚይዘው በቁመቱ ብቻ ነው። ያ ነበር ነገሩ ሁሉ።

«ወይዘሪት ለምን!» አሉ። ወንበር አቀረቡላት። «አምስት ሳምንት የተማሪ ፊት ሳላይ… ቁጭ በይ፣ ልጄ። ደህና ናችሁ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ቲቸር።» አልተቀመጠችም። «ቲቸር፣ ቪዲዮው ላይ የሰሌዳው ቀኝ ጎን አይታይም።»

«የቱ ቀኝ ጎን?»

ሄዳ በእጇ አሳየቻቸው። መምህሩ ወደ ስልኩ መጡ፤ ጎንበስ ብለው በስክሪኑ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«እኔ መልሼ አላየውም» አሉ። «የራሴን ድምፅ መስማት ያሳፍረኛል።» ቀና አሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ያቺ አጭር ቃል መጣች። በመስኮቱ የአናጺው መዶሻ ይሰማል። ሚጣ ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት ጨበጠችው።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አለች። «እኔ ግን ያወቅሁት ትናንት ነው። ከትናንት በፊት አንዱንም አላየሁም። ድምፁን ዘግቼ ነበር የምለቀው። ምልክቶቹ የኔ አይደሉም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጣታቸው ጠረጉት። ጣታቸው ላይ ጠመኔ ስለነበረ ይብሱን ቆሸሸ። ግድግዳው ላይ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ዓይናቸው እዚያ ሄደ።

«አርባ አንድ ምልክት» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ሰው አልነገረኝም።»

ሒሳብ መምህር ናቸው። ጊዜ አልወሰደባቸውም። ሚጣ አንገቷን ደፍታ ስለሌሎቹ እስኪጠይቋት ጠበቀች። አልጠየቋትም።

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ዘረጉት። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ይህን ማን ሞላው?»

«እኔ። መልሶቹ ስላልታዩኝ ራሴ ሠራኋቸው። ሁለት ሁለት እየጨመረ ነው የሚሄደው።»

«ራስሽ ሞላሽው» አሉ። እንደገና አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ላላ። «እኔ ብነግርሽ እንዲህ አይገባሽም ነበር፤ ስልኩ ከእኔ ይሻላል ማለት ነው።»

«ቲቸር፣ አመሰግናለሁ» አለች ሚጣ። «ያኔ የጠየቅሁትን ስላልረሱት።»

ሽማግሌው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ምንም የሚጠፋ ነገር ሳይኖር በጨርቅ አጠፉት።

«አሥሩን ማርክ ልሰጥሽ አልችልም» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት።

«አውቃለሁ።»

«እስቲ እንግዲህ። ይህ ስልክ እንዴት ነው የሚቆመው?»

ሚጣ ስልኩን ከቆርቆሮው አወጣች፤ አጋደመችው። ወጥታ ከክምሩ ሁለት ጡብ አመጣች፤ ሽቦ አየቻት፣ አልጠየቀችም። ስልኩን በጡቦቹ መሀል አስያዘችው። ከዚያ በስክሪኑ አይታ ሄዳ ሰሌዳው ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጭን መስመር አሠመረች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከዚህ ካለፉ ይቆረጣል። እናቴ ሳይሠመር አይቆረጥም ነው የምትለው።»

«እናትሽን አመስግኚልኝ» አሉ መምህሩ። «ከየትኛው ልጀምር?»

«ከመጀመሪያው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እኔ አላየኋቸውማ።»

ሳቁ። በደረቁ፣ እንደሚያስል ሰው ሳቁ። ሚጣ የመቅረጫውን ቁልፍ ልትነካ ስትል በመስኮቱ ድምፅ ገባ።

«ቲቸር፣ ፀሐይዋ ሰሌዳው ላይ ታብረቀርቃለች። እዚያ ላይ የሚጻፈው አይነበብም።»

ሽቦ ናት። መስኮቱ ላይ ራሷ ብቻ ይታያል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አይታወቅም። መምህሩ አዩዋት፤ ሚጣን አዩዋት።

«ታዲያ ገብተሽ መጋረጃውን ያዢልኝ» አሉ። «ክንድሽ ቀጭን ነው፤ እንዳይደክምሽ።»

ሽቦ ገባች። መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ሚጣን አላየቻትም፤ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ሲጨርሱ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ» አለች።

«እቆያለሁ» አሉ መምህሩ። ወደ ሚጣ ዞሩ። «አንቺ ሂጂ፤ ቤት ሆነሽ ታዪዋለሽ።»

ሚጣ የመቅረጫውን ቁልፍ ነካች። ከስልኩ ጀርባ፣ ድምፅ እንዳታሰማ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች።

«እስቲ» አሉ መምህሩ።