ከውስጥ ያለው ዜሮ

ስንዱ በጨረቃ ላይ ከተተከለችው ከተማ በላይ የሚያልፈውን ብረት ሁሉ በማሚቶው ታውቀው ነበር። ሉሉን፣ ሾጣጣውን፣ ሲሊንደሩን በአኃዝ ትሠራለች፤ ገጹን በሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍላ፣ የራዳር ሞገድ ቢያርፍበት ከእያንዳንዱ ቁራጭ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ታሰላለች። የተሰላው ማሚቶ ከሰማይ ከመጣው ጋር ሲገጥም የብረቱ ማንነት ታወቀ ይባላል፤ ፍርስራሽ ከሆነም በከተማዋ ጣሪያ ላይ ሳይወድቅ በጨረር ይመታል። ከጣሪያው ሥር አርባ ሺህ ነፍስ አለ።

በስሌቱ ራስ ላይ የሰፈረውን ደንብ የጻፈችው ራሷ ነበረች፦ «ብረት ሞገድ አያስገባም፤ ከውስጥ ያለው ዜሮ ነው።»

ስሌቱ አንድ የታወቀ ሕመም ነበረበት። ዝግ ቅርጽ ሲሰጠው አልፎ አልፎ የሌለ ማሚቶ ፈጥሮ ማሚቶው በሚሣልበት መስመር ላይ ሹል ያበቅላል። የጣቢያው ሰዎች «ቀንድ» ይሉታል፤ ሲያዩትም ቆርጠው ይጥሉታል። ቆረጣው ከጊዜ ብዛት ፊትን እንደ መታጠብ ያለ ልማድ ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሲሊንደር ወደ ጣሪያው ሲመጣ ታየ። የቀረው ጊዜ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ማሚቶው ከባዶ የነዳጅ በርሜል ስሌት ጋር ገጠመ፤ አንድ ቀንድ ብቻ ተረፈ። እርሱም ብቅ ይላል፣ ይጠፋል።

«መምህር፣ ይኼ ቀንድ የእኛ ስሌት ያበቀለው አይደለም» አለች ስንዱ። «ከሰማይ በመጣው መስመር ላይ ነው ያለው።»

አለቃዋ መምህር ላቀው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ቀንድ ያው ቀንድ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ደግሞ ልታሳድጊው አማረሽ? ቁረጪውና ፈርሚ።»

ደቂቃው አለቀ። ቆረጠች፤ ፈረመች። ጨረሩም መታ።

ልቧ ግን አላረፈም። በስሌቱ ውስጥ የሲሊንደሩን አንድ ክዳን አንሥታ እንደ ገና አሰላችው፤ ቀንዱ በዚያው ቦታ በቀለ። ሞገዱ በተከፈተ በር ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ያስተጋባው ነበር። በርሜል ደግሞ በር የለውም። የሲሊንደር ቅርጽና በር ያላት፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት ሬዲዮዋ ተቋርጦ አራቱ ተሳፋሪዎቿ የተለቀሰላቸው የጥገና መንኮራኩር ናት። የማሚቶውን መዝገብ መልሳ አየች፤ በሩ ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይከፈታል። ድምፅ ያጡ ሰዎች ከውስጥ ሆነው ሲያንኳኩ ኖረዋል።

ውጤቱን በወረቀት አውጥታ ለመምህር ላቀው ሰጠቻቸው። እርሳቸውም አንብበው፣ የአራቱ ቤተሰቦች ለቅሶውን ጨርሰዋል፣ ደግመን አንግደልባቸው፣ ከመዝገቡ ቁረጪው አሏት።

«አንድ ጊዜ ቆርጬዋለሁ፣ መምህር» ብላ ወጣች።

ቀንዱን በመዝገቡ እንዳለ ተወችው፤ ከሥሩም ስሟን ጻፈች። ከዚያ የስሌቱን ራስ ከፍታ ዜሮውን ሰረዘች፤ በቦታውም የአራቱን ሰዎች ስም አኖረች። ስሌቱ ወዲያው ቆመ፤ የሚያውቀው አኃዝ ብቻ ነበርና።

ያን ጊዜ በራዳሩ መስኮት ላይ ሌላ ብረት ታየ። አቅጣጫው ወደ ጣሪያው ነው፤ የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ። ስንዱ አራቱን ስሞች አንድ በአንድ አንብባ በገዛ እጇ ፋቀቻቸው፤ ዜሮውንም ወደ ቦታው መለሰች።