የተገለበጠው ፒን

«እጅሽ ይባረክ፣ መርፌ!» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በአሮጌዋ ቀይ የስፖርት መኪና ውስጥ ተቀምጦ የነዳጅ ፔዳሉን ረገጥ፣ ለቀቅ ያደርጋል። «ቅንጣት ታህል አይላላም። አዲስ አደረግሻት እኮ!»

መርፌ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን እሺ አላላትም። ዩኒፎርሟን ለብሳለች። የሒሳብ ውድድሩ አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቷ ይነሳል፤ አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል። ትናንት መኪናዋ ውስጥ መግባት የነበረበት አዲሱ ፒን ደግሞ ኪሷ ውስጥ ነው።

ከፔዳሉ ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚሄደውን ዘንግ መጋጠሚያው ላይ የሚይዝ፣ የጣት አንጓ የሚያህል ፒን ነው። አሮጌው ፒን በአንድ ጎኑ ተበልቷል። አዲሱ እንዲገባ ቀዳዳውን በሞረድ ቀስ እያሉ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መርፌ ትናንት ለውድድሩ ልምምድ ስለረፈደባት አሮጌውን ገልብጣ፣ ያልተበላውን ጎን አዙራ መለሰችው። ለጊዜው ጥብቅ ይላል። ሲነዳ ሲነዳ ፒኑ ከዞረ ግን የተበላው ቦታ ዘንጉን ይነክሰዋል፤ ፔዳሉም እንደተረገጠ ሊቀር ይችላል። አባቷ «ቀየርሽው?» ሲላት «አዎ» ብላዋለች።

አባቷ በእጁ ዳስሶ ማረጋገጥ አይችልም። ጣቶቹ ከታመሙ ወዲህ አይታጠፉም። እዚያ ጠባብ ጥግ የሚገባው የእሷ ቀጭን እጅ ብቻ ነው፤ «መርፌ» የሚላትም ለዚህ ነው። መኪኖቹን የምትጠግነው እሷ መሆኗን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ቱታ ስትለብስ የጋራዡ በር ይዘጋል፤ ደንበኛ ሲያንኳኳ ቱታዋን አውልቃ ደብተር ትይዛለች። ያ በር ሲዘጋ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያጥራታል። ጓደኞቿ «የት ጠፋሽ?» ሲሏት የምትመልሰው ውሸት እንኳ እያለቀባት ነው።

«ሙሽራዬ ተዘጋጀች?»

የመኪናዋ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«ተዘጋጅታለች፣ እትዬ» አለ አባቷ ከመኪናዋ እየወረደ።

«እጅህ ወርቅ ነው እኮ! በል ቁልፉን አምጣ። ቁልቁለቱን ወርጄ እህቴ ዘንድ ነኝ። ‹በዚህ ዕድሜሽ በዚህች መኪና?› ትለኛለች። ጡረታ ወጣሁ እንጂ ነፍሴ አልወጣች!»

አባቷ ሳቀ። መርፌ ግን «ቁልቁለት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ኪሷ ውስጥ ያለውን ፒን ጨበጠች። ዝም ብትል አውቶቡሱ ላይ ትደርሳለች። ብትናገር ትቀራለች፤ አባቷም በደንበኛ ፊት ይዋረዳል። በሩ በግማሽ ክፍት ነው፤ ለመውጣት ሁለት እርምጃ ብቻ ቀርቷታል።

ሴትዮዋ ሻንጣቸውን ጭነው የመኪናዋን በር ከፈቱ።

«እትዬ፣ አይንዷት!»

«ምነው ልጄ?»

ፒኑን ከኪሷ አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየቻቸው። «አልቀየርኩትም። አሮጌውን ገልብጬ ነው የመለስኩት።»

«አንቺ?» አሉ ነርሷ።

«መርፌ...» አለ አባቷ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ። አባዬ አያውቅም፤ ዋሽቼዋለሁ።»

አባቷ እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። ግን ዘግይቷል። ነርሷ ፒኑን አዩ፣ የልጅቷን ጥቁር ቅባት የቀረበት ጥፍር አዩ፣ ከዚያ ወደ አባቷ ዞሩ።

«ጣቶችህ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይታጠፉት?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እህቴ ትጠብቀኝ» አሉ። «ና፣ እስኪ እጅህን አሳየኝ።»

አውቶቡሱ ይሄዳል። መርፌ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ዩኒፎርሟ ላይ ቱታዋን ደርባ ሞረዱን አነሳች።

አባቷ እንደ ልማዱ በሩን ሊዘጋ ሄደ።

«ተወው፣ አባዬ» አለችው። «ክፍት ይሁን።»