ከግድቡ ሥር የሚያንኳኳው

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ገና አልመሸም። ሰማዩ ግን ጠቁሯል...

አባቴ ትቶልን የሄደው አንድ አሮጌ የአፈር ግድብ ነው። ድሮ ሰው ሊዋኝ፣ በጀልባ ሊንሸራሸር ይመጣ ነበር። አሁን ጀልባዎቹ እንደተደፉ ሣር ውጧቸዋል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግድቡን የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቁጥቋጦ እነቅላለሁ፣ የአይጥ ጉድጓድ እደፍናለሁ። የገዛ ድምፄን ሳልሰማው የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

ከግድቡ በታች አናጢው ጎረቤታችን ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ግድቡ ቢደረመስ መጀመሪያ የሚወሰደው የእሱ ቤት ነው።

ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ ውሃውን ማጉደል ነበረብኝ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ግድቡ አናት ላይ ሆኖ የውሃ መክፈቻውን መዘውር ያዞራል። ሌላው ታች፣ ውሃው በሚወጣበት ቱቦ አጠገብ ይቆማል። ከመዘውሩ ዘንድ የቱቦው አፍ ስለማይታይ፣ ታች ያለው ሰው ቱቦውን በድንጋይ ይመታል። አንዴ ከሆነ "ጨምር" ነው። ሁለቴ ከሆነ "ዝጋ"።

ለአናጢው ደወልኩለት።

"አንቺ ደወልሽ? በቃ፣ ዝናቡ አይቀርም ማለት ነው!" ብሎ ሳቀብኝ። "አንቺ ግድቡ ላይ ውጪ፣ እኔ ታች እጠብቅሻለሁ።"

ወጣሁ። መዘውሩን በትንሹ አዞርኩት።

ኳ።

ጨመርኩ።

ኳ።

"አይበዛም፣ ጋሼ?" አልኩ፣ እንደማይሰማኝ እያወቅኩ።

ኳ።

እንደቸኮለ ሰው ነው የሚመታው...

ስልኬ ጠራ። አናጢው ነው።

"የኔ ልጅ፣ እንዳትቀየሚኝ። ትንሿ ልጄ ጫማዬን ደብቃብኝ ገና ከቤት አልወጣሁም። እንዳትጀምሪ፣ እሺ?"



መዘውሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና ቁልቁል ሮጥኩ።

ማንም የለም። ሣሩ እንኳን አልተረገጠም።

በቱቦው ዙሪያ ውሃ ያዣል። በመዳፌ ተቀበልኩት። ድፍርስ ነው። አባቴ፣ "ጠርቶ ቢያዥ አያስፈራሽ። ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው" ይለኝ ነበር።

አሁን መዘውሩ እንደገና ቢከፈት ውሃው በቱቦው ዙሪያ ያለውን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል... አለቀ።

"ጋሼ..." አልኩ በስልኩ፣ በሹክሹክታ። "ልጆቹን ይዘህ ወደ ኮረብታው ውጣ። አሁኑኑ።"

"ምን ሆነሻል? ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?"



ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ቀና አልኩ።

ግድቡ አናት ላይ፣ ቅድም እኔ በቆምኩበት ቦታ፣ ሰው ቆሟል። ሁለት እጁ መዘውሩ ላይ ነው። ጆሮውን ወደ ታች አዘንብሏል...

ምልክት እየጠበቀ ነው።

ድንጋዩን አልነካሁትም። በስልኩ ውስጥ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል። ገና ቤት ናቸው።

ከዚያ ከቱቦው ውስጥ... ቀስ ብሎ...

ኳ።

ሰውዬው መዘውሩን ሊያዞር ጎንበስ አለ።