የአጠና አልጋ

አልጋው ገና ከመቆሙ ሙንተሲር ዘሎ ወጣበት። መጀመሪያ አንዱ እግር ሲጥ አለ፤ ከዚያ አራቱም ወደ አንድ ጎን ተንጋደዱና ሙንተሲር ከነእንጨቱ መሬት ላይ ተዘረጋ። የጎረቤት ዶሮዎች ተንጫጩ።

«ሞትክ እንዴ?» አለች የትናየት።

«አልሞትኩም። ግን የሆነ ሚስማር እየወጋኝ ነው።»

የትናየት ልትቆጣ ነበር። የሙንተሲር እግሮች ወደ ላይ ተሰቅለው ሲንፈራገጡ ስታይ ግን ሳቋ አመለጣትና ሆዷን ይዛ አቧራው ላይ ቁጭ አለች።

እንጨቶቹ ለአጎቷ ልጅ ሰርግ ዳስ የተጣለባቸው የባህር ዛፍ አጠናዎች ናቸው። ዳሱ ሲፈርስ አባቷ አቶ ፈንታው አጥር ሊያጥርባቸው ግድግዳው ስር ደርድሯቸው ነበር። የትናየት ግን ባየቻቸው ቁጥር አልጋ ነው የሚታያት። ስምንተኛ ክፍል ደርሳም የምትተኛው ከታናሽ እህቷ ከፀዲ ጋር ነው፤ ፀዲ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ኳስ የምትጫወት ይመስል ስትራገጥ ታድራለች።

«የራሴን አልጋ ልሥራ?» ብላ ስትጠይቅ አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። «እሺ፣ እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ አልጋ ካልሆነ አጥር ይሆናል።»

ሙንተሲርን የጠራችው፣ ክፍል ውስጥ «እኔ አናጢነት እንደ ውሃ መጠጣት ነው የሚቀለኝ፤ አጎቴ ዋጃ ከተማ ውስጥ የታወቀ አናጢ ነው» ሲል ሰምታው ነው። አሁን ወገቡን እያሻሸ ተነሳ።

«የቲ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? እንዳትቆጪ።»

«ንገረኝ።»

«አጎቴ አናጢ አይደለም። የባጃጅ ሹፌር ነው። እኔም ወላሂ፣ መጋዝ ስይዝ ካንቺ ጋር የመጀመሪያዬ ነው።»

የትናየት አፈጠጠችበት። እስካሁን «እዚህ ጋ ቁረጪ፣ እዚያ ጋ ምቺ» ሲላት የነበረው በግምት ነበር ማለት ነው!

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ልጆቹ ሁሉ ሲያወሩ እኔም አወራሁ። ከዚያ አንቺ የምርሽን መጥተሽ ጠራሽኝ። ምን ልበል?» አንገቱን ደፋ። «ልሂድ?»

የትናየት የተበታተነውን እንጨት አየች። ተናዳለች። ግን ደግሞ የዛሬውን ያህል ከማንም ጋር ስቃ አታውቅም።

«የት ትሄዳለህ? ና ይሄን ተሸከም። የምር አናጢ ጋ ነው የምንሄደው።»

የጋሽ ዘካሪያስ እንጨት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ልጆቹ የተሰነጠቀውን የአልጋ እግር ተሸክመው ሲገቡ ጋሽ ዘካሪያስ ማሽኑን አጠፋ።

«ይሄን ማነው የገደለው?»

«እኛ» አሉ አንድ ላይ።

ጋሽ ዘካሪያስ ስቆ ሁለት ቁራጭ እንጨት አነሳ። አንዱን በመሮ ፈለፈለው፤ የሌላውን ጫፍ ጠርቦ አቀጠነና ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ መትቶ አስገባው። «በሉ ጎትቱ» አላቸው። ሁለቱም ተረባርበው ጎተቱ፤ ንቅንቅ አላለም።

«አያችሁ፣ ሚስማር ብቻውን አልጋ አያቆምም። ከሥር ደግሞ በየማዕዘኑ አንዳንድ እንጨት በሰያፍ ስጡት። ከዚያ ዝሆንም ይተኛበት።» መሮውንም አዋሳቸው።

የትናየት የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስትፈለፍል በጣም ሰፋባት። ሁለተኛው ጠመመ። መዳፏ ውሃ ቋጠረ። ሙንተሲር የአጠናውን ልጥ እየላጠ «ተይው፣ ነገ ይደርሳል» ቢላትም እሺ አላለችም። ቀጣዩን በዝግታ ያዘችው፤ ትንሽ ፈልፍላ ትለካለች፣ እንደገና ትንሽ ትፈለፍላለች። በመጨረሻ እንጨቱ «ጧ!» ብሎ ገባ። ነቀነቀችው፤ አልተነቃነቀም። «ሙንተሲር! ገባ! ገባ!» እያለች ግቢውን ዞረችው።

ቅዳሜ አጎቶቿ አጥር ሊያጥሩ ሲመጡ አልጋው የናይሎን ገመድ ተወጥሮበት ቆሞ ነበር። አባቷ በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው።

«አንቺ ነሽ ይሄን የሠራሽው?»

«እኔና ሙንተሲር።»

«እኔ ያዝ ስትለኝ ብቻ ነው የያዝኩት» አለ ሙንተሲር።

አራት ሆነው ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዱት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በጎኑ ሞከሩት፤ አልገባም። አዘነበሉት፤ እግሮቹ መቃኑ ላይ ተሰነቀሩ።

እናቷ ወይዘሮ ታንጉት ከውስጥ ብቅ አለች። «በሩን አልለካችሁትም እንዴ?»

የትናየትና ሙንተሲር ተያዩ።

«አንተ አልለካህም?»

«አንቺ አልለካሽም?»

አጎቶቿ በሳቅ ሞቱ። የትናየት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቷ ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «ይሄም ችግር ሆኖ ነው? ማታ ፈታተሽ ውስጥ ትገጥሚዋለሽ።»

አልጋውን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ፀሐዩ የቆቦን ከተማ እየጠበሰ ነው። አያቷ አባባ ጌታሁን ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡና ተቀመጡበት። ከዚያ ጋደም አሉ። ከዞብል ተራራ በኩል ለስለስ ያለ ንፋስ መጣ፤ ሳይቆዩ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ሲነቁ አባቷና አንዱ አጎቷ እንደ ወትሮው ሊያነሷቸው ተጠጉ። ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ካልደገፏቸው አይነሱምና። አባባ ጌታሁን ግን እጃቸውን በአጠናው ላይ ተደግፈው ራሳቸው ቆሙ።

«አያችሁ?» አሉ። መልሰው ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሱ። «አያችሁኝ ወይ? ማንም ሳይደግፈኝ!»

ፀዲ አጨበጨበች። አባባም እየሳቁ ሦስተኛ ጊዜ ተነሱ።

ሲመሽ የትናየት አልጋውን ልትፈታ መዶሻ ይዛ ወጣች። አባባ ጌታሁን መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንድ ጎናቸው ፀዲ፣ በሌላው አጎቶቿና ሙንተሲር ተደርድረው ያወራሉ። አባባ ሊነሱላት ሲሉ «ይቀመጡ አባባ፣ ግድ የለም፤ ይሄ የእርስዎ ይሁን» አለቻቸው።

መዶሻውን መሬት ላይ አኖረችና የተረፉትን አጠናዎች ዞራ አየች።

«አባዬ፣ አጥሩ ትንሽ ቢቆይስ?»

አባቷ አጠናዎቹንም እሷንም አየና ሳቀ። «ይቆይ።»

የትናየት ከተረፈው ገመድ አንድ ቁራጭ አነሳች። «ሙንተሲር፣ ና ይሄን ጫፍ ያዝልኝ።»

«ደግሞ ምን ልናደርግ ነው?»

«በሩን ልንለካ» አለችና ወደ ቤቱ ቀድማው ሄደች።