ያልበቀለው ዘር

አያ ዳኛው የሞተው ከገዛ የበቆሎ ማሳው ዳር ነው፤ በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል። ረፋድ ላይ አረሙን ሲነቅል ደኅና ነበር። ቀትር ሳይሆን አረፋ እየደፈቀ፣ እየተንፈራገጠ ነፍሱ ወጣች። የኮላ ድባ ሰው ሬሳው እስኪቀበር እንኳ አልታገሠም፤ ግማሹ ጠዋት የጠጣውን ጠላ የጠመቀችውን ሚስቱን ሐረገወይንን፣ ግማሹ «ቀዩን ዘር» ያመጣውን የእርሻ ባለሙያ እንኳየሁን ወነጀለ።

የመቶ አለቃ ወልደ ገብርኤል ከጎንደር ከአንድ ፖሊስ ጋር በማኪና ሲደርስ ጎረምሶች የዘሩን መጋዘን ሊያቃጥሉ ተሰብስበው አገኛቸው። በተናቸውና ባለሙያውን ለብቻው ጠየቀው።

«ዘሩ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የተለወሰ በቆሎ ነው፣ ጌታዬ። አፈር ውስጥ ትል እንዳይበላው፣ እንዳይበሰብስ። መርዝ ስለሆነ ሰው እንዳይቀምሰው ቀይ ቀለም ገብቶበታል።»

«ቢታጠብስ?»

«ቀለሙ ይለቃል። መርዙ ግን አይለቅም።»

«ለማን ለማን ሰጠህ?»

«ለአያ ዳኛውና ለታናሽ ወንድሙ ለአለነ፤ እኩል እኩል። የቀረው እንደታሸገ ነው።»

መቶ አለቃው እሽጉን መረመረ፤ አልተነካም። ከዚያ ዳኛው ከወደቀበት ሣር ላይ ተንበረከከ። ጥቂት የተቆላ በቆሎ ፍሬ ተበትኗል። አንዷን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከቆረቆንዳው ጋር ተያይዛ በነበረችበት ጫፍ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቅላት ቀርታለች። በመሐረቡ ቋጠራት።

ሐረገወይን ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ ነበር።

«ዘራችሁን ማን ዘራው?»

«እሱ ሲያርስ እኔ ከኋላ እጥል ነበር። አንዲት ፍሬ አላስቀረንም።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«እኔ እንጃ። ልጅ ስላልነበረን የእህቴን ልጅ ጽጌሬዳን የጡት ልጅ አድርጎ መሬቱን ሊያወርሳት ነበር። ሽማግሌ ለእሑድ ቀጥረን ነበር።»

አለነ ደረቱን እየደቃ መጣ። «ጠላዋ ነው የገደለው፣ ጌታዬ! የወንድሜን ደም ከሷ እሻለሁ!»

«የአንተስ ዘር?»

«ሙሉውን ዘርቻለሁ፤ እዚያው አጠገቡ።»

በማግስቱ መቶ አለቃው ሁሉንም ከሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ ሰበሰበ። የበቆሎ ቆሎ በሰፌድ አዞረና ሁሉም እየዘገነ በላ። አለነ ግን የዘገነውን በጨበጠው እጁ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

«ማሳዎቹን እዩ» አለ መቶ አለቃው። «አፈሩ አንድ ነው፤ የተዘሩትም በአንድ ሳምንት። የዳኛው መስመር ሙሉ ነው። የአለነ ግን ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆኗል፤ ትል በልቶታል። የተለወሰ ዘር እንዲህ አይሆንም። አለነ የዘራው የጎታውን በቆሎ ነው። ቀዩስ የት ገባ?» መሐረቡን ፈታ። «ታጥቦ፣ ተቆልቶ ወንድሙ እጅ ገባ። መሬቱ ለባዕድ ልጅ እንዳያልፍ።»

«ውሸት ነው!» አለ አለነ።

«ማንም ቆሎ ነው ሳይል፣ ራስህም ጠላ ነው ስትል፣ ቆሎ የፈራኸው ለምንድን ነው?»

የአለነ ጣቶች ተላቀቁ፤ ቆሎው ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ካቴና ገባለት።

የአለነ ሚስት እናኑ ቀስ ብላ ተነሣች። «የተረፈውን የት አደረግኸው?»

«ከጎታው ሥር… አጥቤ በአሮጌ ስልቻ።»

«ወይኔ ልጆቼ!» ብላ ጮኸች። «ዛሬ ጠዋት አግኝቼው ንፍሮ ጥጄ መጣሁ!»

ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው አለነ ነበር፤ በካቴና እንደታሰረ፣ ጭቃው ላይ እየወደቀ እየተነሣ። ፖሊሱ ጠመንጃውን አነሣ፤ መቶ አለቃው አፈሙዙን ወደ መሬት ገፋለትና እሱም ሮጠ።

ሲደርሱ ድስቱ ተገልብጧል። አለነ የፈላው ውኃ እግሩን ልጦት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ሦስቱ ልጆች ግድግዳው ሥር ተያይዘው ያለቅሳሉ።

«ማን ቀመሰ?» አለ መቶ አለቃው፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ትልቋ ልጅ አባቷን በፍርሃት አየችው። «ማንም። እማዬ እስክትመጣ እየጠበቅን ነበር።»

አለነ ግንባሩን ከታሰሩት እጆቹ ላይ ደፋ። «አሁን ውሰዱኝ» አለ።